እሑድ ሁሉ ነገር ተዘግቶ የት ይኬዳል? ፍራንክፈርት ለገባችሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በነርስነት ሥራ አግኝተሽ ከባለቤትሽና ከአራት ዓመት ልጃችሁ ጋር ፍራንክፈርት ከገባችሁ ጥቂት ወራት ሆኗችኋል። ቅዳሜ በጉዳይ ያልቃል፣ እሑድ ደግሞ ከተማው ተዘግቶ ስልክ ስትነካኩ ይመሻል። «አገሩን ሳናየው ልናረጅ ነው፣ እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ከተማ ልጆች እያሳደግኩ ዓመታት አልፈዋል። የሚሠራልንን ልንገርሽ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እሑድን አትጥይያት። ሱቅ የሚዘጋው በልማድ ብቻ አይደለም። የእሑድ ዕረፍት በሕገ መንግሥታቸው የተጠበቀ ነው፤ ከ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት የተወረሰ አንቀጽ ነው። ቶሎ ይለወጣል ብለሽ አትጠብቂ። ወተት ካለቀባችሁ ዋናው ባንሆፍ (ባቡር ጣቢያው) ውስጥ ክፍት ሱቅ አለ። ቤት ውስጥ ግድግዳ መሰርሰር፣ ባዶ ጠርሙስ ወደ መስታወት መጣያው መወርወር እሑድ አይቻልም። በእኔ እይታ ይቺ ቀን ከቤት ለመውጣት የተሠራች ናት።

ስለዚህ ጉዳይ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ይለቅ። ገበያ፣ ልብስ አጠባ፣ ፕፋንድ መመለስ (ባዶ ጠርሙስ መልሶ መያዣውን ገንዘብ መቀበል)። ይቺን የመጨረሻዋን ለልጁ ስጡት። ጠርሙሱን በክቧ ቀዳዳ ሲያስገባ ማሽኑ እያሽከረከረ ይስበዋል፣ 25 ሳንቲም ብሎ ይጽፋል። የኔዎቹ በዚህ ነው ቁጥር የለመዱት። ከሰዓት አገር ቤት ይደወላል። በብርዱ ወራት በሁለት ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት በአንድ ሰዓት ስለሚቀድሙን በጊዜ ደውሉ፣ እናቶች እንቅልፍ ሳይወስዳቸው። ቅዳሴ የምንሄድባቸው እሑዶች አሉ፤ በቀሩት እንጓዛለን። ሺፍትሽ እሑድ ላይ ከወደቀ ደግሞ እሑድሽን ማክሰኞ አድርጊያት፣ ባቡሩ ማክሰኞም ይሄዳል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዶይችላንድቲኬት የሚባለውን ወርኃዊ የትራንስፖርት ቲኬት ለሥራ መመላለሻ ከያዝሽ ጉዞውን ከፍለሽ ጨርሰሻል ማለት ነው። በ2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፣ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው። ኤስ ባን፣ የከተማ አውቶቡስና ትራም፣ ኤር ቤ (RB) እና ኤር ኤ (RE) የሚባሉት የአካባቢ ባቡሮች ላይ አገሩን ሙሉ ይሠራል። ፈጣኑ ኢሴኤ (ICE) ባቡር ላይ ግን አይሠራም። ቲኬቱ በስም ነው፣ ለባለቤትሽ ማዋስ አይቻልም፤ መታወቂያ አብሮ ይያዝ። አንድ ወር ላርፍ ካልሽ ያለፈው ወር 10ኛው ቀን ሳያልፍ ነው የሚሰረዘው። ልጃችሁ ስድስት ዓመት እስኪሞላው በነጻ ይሄዳል።

መጀመሪያ የት? የራይን ወንዝ። ከማይንዝ ወደ ኮብሌንዝ የሚወርደውን፣ በየመንደሩ የሚቆመውን ቀርፋፋ ባቡር ያዙ፣ በስተቀኝ በኩል ተቀመጡ። ከቢንገን በኋላ ሸለቆው ይጠብና ወንዙ እስከ መስኮቱ ይመጣል። ከባካራህ በኋላ ከማዶ ካለችው ካውብ ከምትባለው መንደር ትይዩ ስትደርሱ ወንዙ መሃል ነጭ ግንብ ታያላችሁ። ከ1320ዎቹ ጀምሮ የተሠራ ኬላ ነው። ከወንዙ ማዶ እስከ ማዶ ሰንሰለት እየተዘረጋ፣ መርከበኛ ሁሉ ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም ነበር። ሳንክት ጎአር ውረዱ። ከማይንዝ እስከ ኮብሌንዝ ወንዙ ላይ አንድም ድልድይ የለም፣ ሰውም መኪናም በጀልባ ነው የሚሻገረው። እናንተም ተሻገሩና ከማዶው በሩደስሃይም በኩል ወደ ፍራንክፈርት የሚመለሰውን ባቡር ያዙ፤ አሁንም በስተቀኝ ተቀመጡ። 132 ሜትር የሚረዝመውን የሎረላይን ቋጥኝ በዋሻ ታልፉታላችሁ። ስንቅ ያዙ። ባቡር ውስጥ ምሳ መብላት ነውር የለውም፣ እንጀራውን ጠቅልለሽ ብትይዢው ይበቃል።

ሁለተኛውን ከልቤ ነው የምልሽ፣ ጎታ የምትባለው ከተማ ሂዱ። ሐበሻ ብዙም አይሄድባትም፣ ያ ሁሌ ይቆጨኛል። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉት ኢትዮጵያዊ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ በ1652 በመስፍኑ በኤርንስት ተጋብዘው ፍሪደንሽታይን ግንብ ገብተዋል። የጋበዛቸው ምክንያት ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። በ1649 ሮም ላይ ተገናኝተው ነበር። ከዚያም በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። ሉዶልፍ በእሳቸው እውቀት ላይ ቆሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ የታተመው በ1698 የት መሰለሽ? እዚሁ እኛ የምንኖርባት ፍራንክፈርት። እሱም በ1704 ያረፈው እዚሁ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። የታተመውን ሳያዩት ቀሩ።

ግንቡ ዛሬ ሙዚየም ነው። አራት ማዕዘን ግቢው ዙሪያውን በቅስት የተሠራ መተላለፊያ አለው። እሳቸው ሲገቡ ሥራው ገና አላለቀም ነበር። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ብርዱ ነው፤ በዚያ ዘመን ያለ ዛሬው ማሞቂያ፣ ያለ አንድ አገር ልጅ፣ ጥያቄ ሲጠየቁ መዋል። ልጆቼን ይዤ የሄድኩት ይህን እንዲያውቁ ነው፤ ቋንቋቸው በዚህ አገር የትናንት መጤ አይደለም። በኤር ቤና በኤር ኤ ብቻ ከሄዳችሁ ባቡር መቀያየር አለ፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ቅዳሜ ውጡና ኤርፉርት እደሩ፣ ከጎታ ቅርብ ናት። ሉዶልፍ የተወለደባት ከተማም እሷው ናት፤ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ግራና ቀኝ የተደረደሩበት ድልድይ አላት።

ትሪየርም አለች። የሮማውያኑ ጥቁር በር፣ የካርል ማርክስ የትውልድ ቤት። የአዲስ አበባውን የማርክስ ሐውልት እያየ ያደገ ሰው ቤቱን ማየት ይፈልጋል። ከዚያ ሉክሰምበርግ ቅርብ ነው፣ እዚያ አገር ውስጥ የሕዝብ ትራንስፖርት ከ2020 ጀምሮ በነጻ ነው። ድንበር ስለሆነ ግን ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን ሁለቱንም ያዙ። ከ2024 መስከረም ጀምሮ ጀርመን በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ፍተሻ አላት። ይህን ለሚያነቡ የጥገኝነት ጉዳያቸው ላልተቋጨ ወንድም እህቶች ደግሞ፣ ድንበር መሻገሩ ይቅርባችሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተመደባችሁበት አካባቢ ለመውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል።

የሚቀጥለው ወር የሺፍት ፕሮግራምሽ ሲወጣ ነጻ የሆንሽበትን ቀን ጻፊልኝ። ልጅ ይዞ የሚመቸውን የባቡር ሰዓት አብረን እናያለን።