ከጎንደር አዲስ አበባ በረራው 1 ሰዓት ቢሆንም ከቤት ቤት ግማሽ ቀን ያዢለት

እህቴ ከጎንደር አዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ በረራውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ እናቴ ጠዋት ተነስታ ከሰዓት ላለው የሀኪም ቀጠሮ ትደርሳለች ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ አዘዞ ነው የምኖረው ዘመድ መሸኘትና መቀበል ስራዬ ሆኗል እና የማውቀውን ልበልሽ።

በመኪና ባህር ዳርንና ደብረ ማርቆስን ይዞ 730 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከባህር ዳር በሞጣ ከታጠፍሽ ያጥራል። በአየር ቀጥታ ግን ወደ 420 ነው። መኪናው ጣናን በምስራቅ ዞሮ፣ ጎጃምን አቋርጦ፣ ደጀን ላይ አባይ በረሃ ወርዶ እንደገና ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል፣ አውሮፕላን ይሄ ሁሉ የለበትም። ስለዚህ በረራው 1 ሰዓት ከምናምን ነው፣ ሻይ ቀርቦ ሳይጨረስ ውረዱ ይባላል።

ግን ቀጠሮ በበረራ ሰዓት አይያዝም። ኤርፖርቱ አዘዞን አልፎ ነው ያለው፣ ከመሀል ከተማ ወደ 18 ኪሎ ሜትር፣ 2 ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፣ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ ጫማ ቀበቶ ማውለቅ አለ፣ ቦሌ ደግሞ ሻንጣ መጠበቅና የአዲስ አበባ ትራፊክ። ደምሪው፣ 5 ሰዓት አያንስም። ክረምት ከሆነ ደመናው በረራ ያዘገያል። እኔ ብሆን ሀኪም ቤት ለሚሄዱ እናት በዋዜማው ነው የምልካቸው፣ አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት ቢያድሩ ምን አለበት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ሰዓቱ ነው። ቲኬቱ ላይ 07:00 ካለ በኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ 13:30 ካለ ከቀኑ 7:30። ቀኑም በፈረንጆች ነው የሚጻፈው። ለሳቸው በስልክ ስትነግሪያቸው በኛ አቆጣጠር ቀይረሽ ንገሪያቸው፣ ወረቀቱን አንብቡ አትበያቸው።

እግራቸውን ካመማቸው ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅላቸው፣ ብዙ ጊዜ እዚህ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፣ በደረጃ ነው የሚወጣው። ድምጹ ትንሽ ይበዛል፣ ሲወርድ ጆሮ ይደፍናል፣ ከረሜላ ያዢላቸው። ክንፉ ከላይ ስለሆነ መስኮቱን አይጋርድም፣ በቀኝ በኩል ከተቀመጡ ሰማዩ ጥርት ካለ ጣናን ያዩታል። አንቺ ደግሞ መቼም እናት ባዶ እጇን አትሄድም፣ ማሩንና ቅቤውን በእጅ ሻንጣ እንዳይዙት፣ ፍተሻ ላይ ይቀርና ልባቸው ይሰበራል። በደንብ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።

አውቶቡሱ ይረክሳል፣ ግን ሌሊት ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ነው፣ መንገዱም የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ለታመመ ሰው አልመክርም። ወጣት ብትሆን ሌላ ነገር ነበር፣ አባይ በረሃን በመኪና መውረድ እኮ የራሱ ለዛ አለው።

ጉዞው ጥር ላይ ከሆነ አሁኑኑ ቁረጪ፣ በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ቲኬት አይገኝም፣ ከበዓሉ ማግስት የሚመለሰው ሰው በተለይ ጉድ ነው። ስማቸውን ስታስሞዪም መታወቂያቸውን ፎቶ አስነስተሽ ፊደል በፊደል አስተያዪው፣ ሰፈር የሚጠሩበት ስምና መታወቂያው ላይ ያለው ካልገጠመ በር ላይ ነው የሚያስቆማቸው። የትኛው ቀን እንደሆነ ንገሪኝ፣ ከዚህ የሚያደርሳቸው ባጃጅ ካጣሽ እኔ አለሁ።