በሐዋሳ የቀረችውን አንዲት ቀን ከሐይቁ ዳር ይጀምሯት

ጠያቂያችን ከእናትዎ፣ ከባለቤትዎና ከሁለት ልጆችዎ ጋር ለዕረፍት ሐዋሳ እንደገቡ፣ እስካሁን ከሆቴሉ ግቢ ብዙም እንዳልወጡና እሑድ ከሰዓት በኋላ በመኪናዎ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለሱ ገልጸው፣ በቀረው ጊዜ ወንዶ ገነት መሄድ ይሻል እንደሆነ ወይስ ከተማዋን ማየት፣ ደግሞም ዓሣ ይዞ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ሐዋሳ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ብዙ እንግዳ ተቀብዬ ሸኝቻለሁ። ከዚያ በመነሣት የምመክርዎ ወንዶ ገነትን ለሌላ ጊዜ አቆይተው እሑድን ከንጋት ጀምሮ ለሐይቁ ዳር እንዲሰጡት ነው።

ወንዶ ገነት የሚኬደው ከሻሸመኔ ተገንጥሎ ስለሆነ በመመለሻ መንገድ ላይ ያለ ይመስላል። ታላቅ እህቴም ከቤተሰቧ ጋር በመጣችበት ጊዜ ይህንኑ አስበን፣ የመጨረሻውን ቀን ለወንዶ ገነት ፍል ውሃ መደብንና ሐይቁን «ስንመለስ እናየዋለን» እያልን አሳደርነው። የተከራየነው መኪና ሹፌር ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ደረሰ፤ ከፍል ውሃው ስንወጣም ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበርና ከዚያው በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆነባቸው። የእህቴ ትንሿ ልጅ መኪናው ሲነሣ «ሐይቁን መቼ ነው የምናየው?» ብላ የጠየቀችኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የመጣብኝን እንግዳ ሁሉ በመጨረሻው ቀን ከከተማው አላስወጣም።

አስቀድመው ቅዳሜ ማታ ሻንጣዎን አዘጋጁና እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ይድረሱ። ዓሣ አጥማጆቹ ማምሻውን የጣሉትን መረብ ሌሊቱ ሲነጋ ስለሚያወጡ፣ ጀልባዎቹ ወደ ዳር የሚጠጉት፣ ገበያውም የሚደምቀው በማለዳ ነው፤ ረፋድ ላይ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የገበያውን ጭራ ነው። ልጆችዎን ዓሣ ከሚበልቱት ሰዎች አጠገብ ያቁሟቸውና የሠራተኞቹን እጃቸውን ይመልከቱ። አንዱ ወጣት ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከጉሮሮው ሥር ቀደድ ያደርገዋል፣ ቢላዋውን አከርካሪውን አስታክኮ እስከ ጭራው ይስበዋል፣ ገልብጦ በሌላው ጎን ይደግመዋል፤ ቀጥሎም ሥጋውን ከቆዳው ገፎ አጽሙን ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውረዋል። ከኋላው ደግሞ በቁመት ከልጅ የማያንሱ፣ ራሳቸው የተመለጠና አንገታቸው ሥር ከረጢት ያንጠለጠሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አጽሙ መሬት የሚነካው ከስንት አንዴ ነው። አባ ኮዳ ሰውን አይፈራም፤ ነገር ግን ምንቃሩ ትልቅ ስለሆነ ልጆቹ በእጃቸው እንዳያጎርሱት ይጠንቀቁ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ፤ ሙዝ በእጅ የያዘ ልጅ ሙዙን መነጠቁ አይቀርም።

ቁርስዎንም እዚያው ይብሉ። እናትዎ የዓሣ ሾርባ፣ ልጆቹ ደግሞ ጎንና ጎኑ ተበጥቶ የተጠበሰውን ሙሉ ዓሣ ከዳጣ ጋር፣ ዳጣው ግን ስለሚያቃጥል ለየብቻ ተደርጎ ይቅረብላቸው። ጥሬውን ዓሣ በዳጣ የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ ረጅም መንገድ ለሚጠብቃቸው ልጆች ግን አልመክርም።

ጀልባ ከፈለጉ ከረፋዱ አያሳልፉት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል። ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋውን ቁርጥ አድርገው ይነጋገሩ፣ ለልጆቹም የሚሆን የደኅንነት ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ይዩ፤ ከሌለ አይሳፈሩ። ጉማሬ ለማየት ብዙውን ጊዜ የሚኬደው በጥቁር ውሃ በኩል ነው። ሐይቁን ዋነኛ ሆኖ የሚመግበው ይኸው ጥቁር ውሃ ሲሆን፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፤ ያም ሆኖ ውሃው እንደ ሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እንደ ሻላና አብያታ ጨዋማ አይደለም፣ ዓሣውም የበረከተው በዚሁ ነው።

ከዚያ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በኩል በእግር ዘና ብለው ይሂዱ፤ እናትዎ በዛፉ ጥላ ሥር የሚያርፉበት አያጡም። ጉዱማሌንም ለልጆችዎ ያሳዩአቸው። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ስፍራ ነው። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱ አዋቂዎች ናቸው፤ በዋዜማው ቤተሰብ ሁሉ ከቀርከሃ በተሠራ በር፣ «ሁሉቃ» በሚሉት ሥር ያልፋል፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜም ይቀርባል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓሉ በሌለበት ቀን ሜዳው ባዶ ነው፤ ነገር ግን ይህንን አውቆ የቆመበት ልጅ ሜዳውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ታቦር ተራራን ባለቤትዎና ልጆቹ ፀሐይ ሳይበረታ ይውጡት፤ ከላይ ሐይቁና ከተማው ባንድ ላይ ይታያሉ። ሁለቱን አብሮ ማድረስ ካልቻሉ ግን እኔ ብሆን ከጀልባው ይልቅ ታቦርን እመርጣለሁ። የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ከሐይቁ በሚመጣው በዋናው ጎዳና ሲመለሱ ያገኙታል፤ እናትዎ ነጠላቸውን ከያዙ ይሳለሙ።

ስለ ዓሣው፦ ይቻላል። ጠዋት ከገበያው ፊሌቶውን ያስወጡ፣ ወዲያው ወደ ሆቴልዎ ወስደው ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲያስቀምጡልዎ ወጥ ቤቱን ይጠይቁ፣ በሚነሡበት ሰዓትም በረዶ በሞላበት ክዳን ባለው ዕቃ ያሽጉት። እስከ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከቀኑ 7 ሰዓት ሳያልፍ ቢነሡ ይመረጣል፤ ቤት እንደገቡም የማይበሉትን ያን ዕለቱን ያስቀዝቅዙት።