ዳክዬዎቹ ሊያርፉ ሲሉ ለምን ይመለሳሉ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከጓደኛህ ጋር ዳክዬ ልታድኑ ጎህ ሳይቀድ ውሃው ዳር ደረሳችሁ። እውነተኛዎቹን እንዲያማልሉ የፕላስቲክ ዳክዬዎቹን ውሃው ላይ በትናችሁ ተደበቃችሁ። መንጋ መጣ፣ ዞረ፣ ሊያርፍ ሲል ከፍ ብሎ ሄደ። ሌላም መጣ፣ እሱም ሄደ። ባዶ እጃችሁን ገባችሁ። አሁን ጥያቄህ «የፕላስቲክ ዳክዬ ልጨምር ወይስ የዳክዬ ድምፅ የሚያወጣውን የጥሪ ፊሽካ ልቀይር?» ነው። እኔ ሁለቱንም አልመክርህም። ብርህን ያዝ። መጀመሪያ ያን ቀን ነፋስ ነበር ወይ? ጽሑፍህ ውስጥ «ደስ የሚል ፀጥ ያለ ጠዋት» ብለሃል። መልሱ ግማሹ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

እኔና አንድ ጓደኛዬ ልክ እንደዚህ ያለ ጠዋት አሳልፈናል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ውሃው ዝም ብሏል። ነፋስና ሞገድ ሲኖር ዳክዬ ለመጠለል ወደ ዳር፣ ወደ ጥጋጥጉ ይጠጋል። ከቦታ ቦታም ይንቀሳቀሳል። ነፋስ ከሌለ ግን መሃል ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ፀሐይ እየሞቀ መዋል ይችላል። ለምን ብሎ ወደ አንተ ይመጣል? የመጡትም ቢሆኑ ከላይ ሆነው የሚያዩት ምንም የማይንቀሳቀስ የዳክዬ መንጋ ነው። እውነተኛ ዳክዬ ይዋኛል፣ አንገቱን ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ዙሪያው ያለውን ውሃ ያንቀሳቅሳል። ጓደኛዬ ኋላ ላይ አንዱን የፕላስቲክ ዳክዬ በቀጭን ገመድ አስሮ ከመደበቂያችን ሆኖ ይስበው ጀመር። ውሃው ትንሽ መንቀጥቀጡ ብቻ ለውጥ አመጣ፤ መንጋዎቹ ከበፊቱ ዝቅ ብለው መዞር ጀመሩ። አስር ተጨማሪ የፕላስቲክ ዳክዬ ከመግዛት አንድ ገመድ ይሻላል።

ሌላው ነገር አቅጣጫ ነው። ዳክዬ እንደ አውሮፕላን ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ነፋሱን ከጀርባህ ወይም ከጎንህ አድርገህ ከተቀመጥክ፣ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ። የፕላስቲኮቹንም መሃል ክፍት ትተውለታለህ፣ እዚያ ያርፋል። እኔ በግሌ ነፋሱ ከጎን ሲሆን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ከጀርባ ከሆነ የሚመጣው ወፍ ቀጥታ መደበቂያህን እያየ ነው የሚመጣው። ነፋስ የሌለ ቀን ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። ከፈለገው ጎን ይመጣል። እኛን ከኋላችን እየዞሩ ነበር የሚያዩን፣ መደበቂያችን ደግሞ ከኋላ ክፍት ነበር።

እንዴት እንደሚያዩም ልንገርህ፣ ይሄን ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። የዳክዬ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ለማለት ይቻላል ያያል። ቀለም ይለያል። እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ጭምር ያያል። አብዛኛው የልብስ ሳሙና ደግሞ ልብስን የሚያደምቅ ነገር ይጨመርበታል፤ እሱ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያበራል። የአደን ልብስህን ማድመቂያ በሌለው ሳሙና እጠበው። ከልብስ በላይ የሚያጋልጠው ግን ፊት ነው። ክንፍ ሲሰማ ቀና ማለት የማንም ሰው ደመ ነፍስ ነው፣ ጓደኛዬም ቀና ይል ነበር። ፊቱን በስስ መረብ ሸፍኖ፣ ከኮፍያው ጠርዝ ሥር ዓይኑን ብቻ ማንቀሳቀስ ሲለምድ ነገሩ ተሻሻለ። ከተቻለ ፀሐይም ከጀርባህ ትሁን። አንተ ጥላ ውስጥ ትሆናለህ፣ እነሱን ብርሃኑ ያስቸግራቸዋል።

የፊሽካውን ነገር ባጭሩ፦ ወደ አንተ እየመጡ ከሆነ ዝም በል። ጅራታቸውን ሰጥተው ሲሄዱ በቀስታ ጥራ። ፀጥ ባለ አየር ድምፅ ሩቅ ስለሚሄድ ጩኸት አያስፈልግም።

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግርህ ወደምፈልገው ልምጣ። ያን ጠዋት ሰዓቱ ሲገፋ ጓደኛዬ ከሩቅ በሚያልፉት ላይ ሊተኩስ ፈለገ። አዝኗል፣ ይገባኛል፤ ጠዋቱን ሙሉ ተደብቆ ባዶ እጅ መመለስ ያማል። ግን ለመንኩት። ከ35 እስከ 40 ሜትር ካለፈ የአብዛኛው ሰው ተኩስ ዳክዬ አይገድልም፣ ያቆስላል። ከአንድ ተኩስ የሚወጡት ጥቃቅን ጥይቶች ይበታተናሉ፣ ጉልበታቸውም ይደክማል። የቆሰለው ወፍ በርሮ ይሄድና ሸምበቆ ውስጥ ወድቆ ሲሰቃይ ይሞታል፣ አንተም አታገኘው። የብረት ጥይት ከእርሳስ ስለሚቀል ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፣ ስለዚህ ርቀቱ ይበልጥ ያሳስባል። «እርሳስ ልጠቀም» እንዳትል ደግሞ አደራ። ዳክዬ ምግቡን የሚፈጭለት ጠጠር ይውጣል፣ ጭቃ ውስጥ የወደቀውን የእርሳስ ጥይትም አብሮ ይውጠውና ይመረዛል። ለዚህ ነው አሜሪካ ለውሃ ወፍ አደን ከ1991 ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በረግረጋማ ቦታዎች ከ2023 ጀምሮ የከለከሉት። ጓደኛዬ ጠመንጃውን አስቀመጠ። እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ርቀት በዓይን መገመት ይከብዳል፣ በተለይ ውሃ ላይ። ስለዚህ የመጨረሻውን የፕላስቲክ ዳክዬ ከመደበቂያህ 35 ሜትር ላይ አስቀምጠው። ከእሱ ወዲያ ያለው ዳክዬ ያንተ አይደለም። ከጓደኛህም ጋር ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙበት፣ ወፉ ሲመጣ መከራከር አይቻልም።

ለሚቀጥለው ዋዜማውን ያለ ጠመንጃ ሂዱ። የሩቅ ማያ መነጽር ብቻ ያዙ። ዳክዬ የሚያርፍበትና የሚመገብበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያል። በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልፉ እዩ። ጨረቃ ደምቃ ባደረች ሌሊት ሲመገቡ ሊያድሩ ስለሚችሉ ጠዋት ላይ ሰነፍ ቢሆኑ አይግረምህ። አንድ ቦታ ደጋግማችሁ ከተኮሳችሁም ቦታውን ይፈሩታል፣ አሳርፉት። ፈቃዱን፣ ወቅቱን፣ የትኛው ዝርያ እንደሚፈቀድም ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ።

አንድ ነገር ግን ከጥያቄህ ጎድሎብኛል። መንጋው ገና ሩቅና ከፍ ብሎ ሳለ ነው የተመለሰው ወይስ እላያችሁ ላይ ደርሶ? ከሩቅ ከሆነ ነገሩ የፕላስቲኮቹ አቀማመጥ ወይም የቦታው ነው። እላያችሁ ደርሶ ድንገት ከተጠመዘዘ ግን እናንተን አይቷል። ፀሐይዋ በየት በኩል እንደነበረችና መደበቂያችሁ ከኋላ ተሸፍኖ እንደሆነም ጨምረህ ጻፍልኝ፣ አይቼ እመልስልሃለሁ።