የዮኮሃማው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻና ከሥሩ ያለው የድንጋይ ጎድጓዳ

ጥያቄ፦ ልጄ ለሥልጠና ጃፓን ሄዶ ሳለ ከዮኮሃማ በላከልኝ ፎቶግራፍ ላይ አንድ ሰማይ ጠቀስ የቢሮ ሕንጻ ይታያል። ከሥሩ ደግሞ ግድግዳው በጥርብ ድንጋይ የተገነባ፣ ቅርጹ ታንኳ የሚመስል ጎድጓዳ ስፍራ አለ። ሕንጻው መቼ ተሠራ? ጎድጓዳውስ ለጌጥ የተቆፈረ ነው?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጎድጓዳው ለጌጥ የተቆፈረ አይደለም፤ እንዲያውም ዕድሜው ከሕንጻው በመቶ ዓመት ገደማ ይበልጣል። የሚያዩት ላንድማርክ ታወር የተባለው ሕንጻ ሲሆን፣ የቆመውም ቀድሞ የሚትሱቢሺ የመርከብ መሥሪያ በነበረ መሬት ላይ ነው። ጎድጓዳው እ.ኤ.አ. በ1896 ተሠርቶ ያለቀ የመርከብ መጠገኛ ገንዳ ነው፤ መርከቧ ከገባች በኋላ በሩ ተዘግቶ ውኃው በፓምፕ ይወጣና ሠራተኞች ወርደው ሆዷን ይጠግኑ ነበር። እንዲህ ያለው ገንዳ «ደረቅ» ስለሚባል ከጎረቤትዎ ከሞጆው ደረቅ ወደብ ጋር እንዳይምታታብዎ፤ ሞጆ ባሕር አይቶ አያውቅም።

ዮኮሃማ እ.ኤ.አ. በ1859 ለውጭ ንግድ የተከፈተች ወደብ ናት። መርከብ መሥሪያው ለብዙ ሰው እንጀራ ቢሆንም፣ በአሮጌው የንግድ ሰፈርና በዋናው ባቡር ጣቢያ መካከል ስለነበር ከተማዋን ለሁለት ከፍሏት ኖሯል። የከተማው አስተዳደር በ1960ዎቹ ባወጣው ዕቅድ መሠረት መሥሪያው በ1983 ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ፤ በዚያው ዓመትም ሚናቶ ሚራይ፣ ማለትም «የወደብ መጪ ዘመን»፣ የተባለው አዲስ ሰፈር ግንባታ ተጀመረ።

አሜሪካዊው አርክቴክት ሂዩ ስተቢንስ የነደፈው ሕንጻ ግንባታው በ1990 ተጀምሮ በ1993 ተመረቀ። 70 ፎቅና 296 ሜትር ቁመት ስላለው፣ በ2014 የኦሳካው 300 ሜትር ሕንጻ እስኪበልጠው ድረስ ከጃፓን ሕንጻዎች ሁሉ ረጅሙ ነበር። «የቢሮ ሕንጻ» ማለትዎ በከፊል ልክ ነው፤ ቢሮዎቹ እስከ 48ኛው ፎቅ ሲሆኑ ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው ለሆቴል የተሠራ ነው። አሳንሰሩ በደቂቃ 750 ሜትር ስለሚወጣ ከ2ኛው ፎቅ 69ኛው ለመድረስ 40 ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጅ ነበር። ዮኮሃማ በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የወደመች ከተማ በመሆኗም፣ ከጫፉ ላይ ሕንጻው ሲወዛወዝ በተቃራኒው እየተንቀሳቀሱ ውዝዋዜውን የሚያበርዱ ሁለት ከባድ መሣሪያዎች ተተክለውበታል።

ለእኔ ግን ከቁመቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ገንዳውን ደፍኖ ማለፍ እየተቻለ ድንጋዩ ተነሥቶ እንደገና መገንባቱ ነው። ዛሬ ምግብ ቤቶችና የትርዒት ስፍራ ያሉበት ሲሆን፣ በ1997 በብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ልጅዎ አሁንም እዚያው ካሉ ጥቂት እርምጃ ወደ ባሕሩ ይሂዱ፤ ሁለተኛው ገንዳ ውኃ እንደያዘ ነው፣ በ1930 የተሠራችው ኒፖን ማሩ የተባለች ባለሸራ መርከብም በውስጡ ቆማለች።