መልስ፦ ያለ ምስክር ወረቀት በሐዋሳ የስፌት ሥራ ወይም አሠልጣኝነት

በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ስድስት ዓመት ሰፍተው፣ ያለ ምስክር ወረቀት በሐዋሳ በስፌት መቀጠር ወይም አሠልጣኝ መሆን ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ወረቀት ስለሌለዎት ብቻ ከዜሮ መጀመር የለብዎትም። በልምድ የተገኘ ሙያም ስለሚመዘን፣ በቅድሚያ ለሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁላችንም ሲኦሲ ለምንለው፣ ይመዝገቡ።

በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለስፌት ማሽን ኦፕሬተርነት ሲያመለክቱ ግን ዋናው እጅዎ ነው። የፋብሪካ ማሽን በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ ሊወጋ ስለሚችል፣ የእግር መኪና የለመደ ሰው ፔዳሉን ገና ሲነካው ጨርቁ ያመልጠዋል። ስለዚህ ማሽን የሚያስነካዎት ሰው ፈልገው፣ ክር ሳያስገቡ በተሠመረ ወረቀት ላይ ይለማመዱ፤ ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ መርፌው ወረቀቱን እንደወጋ ቆመው፣ ጨርቅ የሚጫነውን የማሽኑን እግር አንሥተው ወረቀቱን ማዞር እስኪችሉ ድረስ አያቁሙ።

አሠልጣኝ ለመሆን ከሚያስተምሩት ደረጃ ከፍ ያለ ብቃትና የማሠልጠኛ ሥነ ዘዴ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እኔ ብሆን ሥራውን አስቀድሜ ይዤ፣ ደረጃዬን በማታ አሻሽል ነበር።

አደራ የምለው፣ ለማሠልጠኛ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ገብተው ማሽኖቹን ይቁጠሩ። እኔ ሳላይ ከፍዬ፣ ስምንት ሆነን በአንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ ማሽን) ተራ ስንጠብቅ ሦስት ወሩ አለቀ፤ የኦቨርሎክ ክር አገባቡን እንኳ የተማርኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።