መርጡለ ማርያምን ማን ሠራት?

ጥያቄ፦ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ቢቸና አካባቢ የማስተምር መምህር ነኝ። ዘንድሮ ተማሪዎቼን ይዤ የመርጡለ ማርያምን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ይሁን እንጂ አያቴ «አብርሃና አጽብሓ ያነጿት ናት» ሲሉኝ፣ እናቴ የእቴጌ እሌኒ ሥራ መሆኗን ትነግረኛለች፤ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ፖርቱጋሎች ናቸው» ብሎ ይከራከረኛል። ለልጆቹ የትኛውን ልንገራቸው? ግድግዳው ላይስ ምን ላሳያቸው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሦስቱም ወገኖች የሚሉት ከአንድ እውነት የተነሣ ስለሆነ አንዱን መርጠው ሁለቱን አይጣሉ፤ ሦስቱ ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደሚናገሩ ግን ለተማሪዎችዎ ያስረዱ።

የአያትዎ ቃል የትውፊት ቃል ነው። በአበው ትረካ መርጡለ ማርያም ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ከነበሩት አራት ስፍራዎች አንዷ ስትሆን፣ አብርሃና አጽብሓም ቤተ ክርስቲያን እንዳደረጓት ይነገራል። «መርጡል» በግእዝ አዳራሽ ወይም ማደሪያ ማለት ነው። ትረካው የቦታዋን ክብር ያስረዳል፤ ዛሬ ቆሞ የሚታየው ግድግዳ ግን ከዚያ ዘመን የተረፈ አይደለም።

እናትዎ የሚሉት በጽሑፍ የተደገፈ ነው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ባለቤት ነበሩ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በልጅነታቸው በነገሡ ጊዜ አገር ያስተዳደሩት በዋነኛነት እሳቸው ነበሩ። ጎጃም ርስታቸው ስለነበር ታላቁን ቤተ ክርስቲያን እዚያ አሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሲጽፍ፣ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለውና አገሩ እንዳይመለስ የተከለከለው ፖርቱጋላዊ የእቴጌይቱ ቤተ ክርስቲያን መንበር እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ወደ ጎጃም መሄዱን፣ መንበሩም በወርቅ የተሞላ እንጨት፣ ጽላቱም ድፍን ወርቅ መሆኑን ነግሮኛል ይላል። አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ይህችን ቤተ ክርስቲያን መርጡለ ማርያም ናት ይላሉ። በአካባቢው የሚወራው የተቀበረ ወርቅ ወሬ ከዚህ ሳይነሣ አይቀርም፤ ልጆቹ አፈሩን መጫር ከጀመሩ ግን ጥፋቱ የአልቫሬዝ ሳይሆን የእርስዎ ነው።

ከዚያ የኢማም አሕመድ ጦር በ1530ዎቹ አገሩን ሲያጥለቀልቅ ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጠለች፣ ተዘረፈችም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበት ዘመን ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር ካህናት) በፍርስራሹ ላይ አዲስ ሕንፃ ጀመሩ። ባልደረባዎ «ፖርቱጋሎች» የሚሏቸው እነዚህን ነው፤ የሚያስገርመው ግን ሥራውን ይመራ የነበረው ብሩኖ ብሩኒ ጣሊያናዊ መሆኑ ነው። ንጉሡ በ1632 ሥልጣናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ከለቀቁ በኋላ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ልጆቹ መጀመሪያ ድንጋዮቹን ያያያዘውን ኖራ ይመልከቱ። በዚያ ዘመን የኖራ ግንብ ሥራ ወደ አገራችን የተመለሰው ኢየሱሳውያን ከህንድ ባመጡት ግንበኛ በመሆኑ፣ ነጩ ኖራ ከማንኛውም ትረካ ይልቅ ስለ ሱስንዮስ ዘመን ይመሰክራል። ቀጥሎ ጎብጠው የሚዞሩትን ቅስቶችና በላያቸው የተቀረጹትን ጌጦች ያሳዩአቸው፤ አበባ፣ ቅጠል፣ እንደ ሹሩባ የተጠማዘዘ ገመድ አለ። ጌጦቹ ሁሉ የኢየሱሳውያን እጅ ናቸው ወይስ ከእሌኒ ሕንፃ ተነቅለው እንደገና የተገነቡ አሉበት የሚለው ሊቃውንትን ያከራክራል፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ ፍርስራሹን አይቶ በ1847 ከጻፈ ጊዜ አንሥቶ ክርክሩ አልተቋረጠም። እኔ በበኩሌ አንዳንዱ ድንጋይ ከጎረቤቱ ጋር የማይገጥም መስሎ ስለታየኝ ከአሮጌው የተወሰደ አለ ከሚሉት ጋር ነኝ። ጥያቄውን ለተማሪዎችዎ እንደ ጥያቄ ቢያቀርቡላቸው፣ ማስታወሻ ደብተር ይዘው የሚገጥመውንና የማይገጥመውን ድንጋይ በሥዕል ሲለዩ ቀኑ ያልፍላቸዋል።

ለጉዞው ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ጉንደወይን ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋሉ፤ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው ይጠይቁ። ለደብሩ አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጽፈው ፈቃድ ይቀበሉ። ልጆቹ ነጠላ ይልበሱ፣ በግድግዳው ላይም አይውጡ። ከወር በ21 ቀን ግን አይሂዱ፤ በማርያም በዓል ምእመኑ ስለሚበዛ ፍርስራሹን ተረጋግቶ ማየት አይቻልም።