የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፍቅርና ምሥጢር በአርበኞች ዘመን ልብ ወለድ

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ በደብረ ብርሃን የምንኖር ሰባት ሴቶች በየወሩ አንድ መጽሐፍ እያነበብን ቡና ላይ እንወያያለን። አብዛኞቻችን የምንመርጠው በጣልያን ወረራ ዘመን የሚፈጸሙ፣ ፍቅርም ምሥጢርም ያለባቸውና መንፈስን የሚያበረቱ ታሪካዊ ልብ ወለዶችን ነው። ባለፈው ወር ግን አባታቸው አርበኛ የነበሩ አንዲት እናት፣ «በሰማዕታት ደም ላይ የፍቅር ወሬ መደረብ ነውር ነው፤ የቱ እውነት የቱ ፈጠራ እንደ ሆነስ በምን እናውቃለን?» ብለው መጽሐፉን ከደኑት። ምን ብለን እንመልስላቸው?

መልስ፦ የእኒህ እናት ቁጣ የአባታቸውን ክብር ከመጠበቅ የመጣ ስለ ሆነ በአክብሮት ሊመለስላቸው ይገባል። ይሁን እንጂ ፍቅርን በዚያ ዘመን ላይ የደረቡት ደራስያን አይደሉም፤ ቀድሞም እዚያው ነበረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ሁለት ወጣቶች አንዱ የሆነው አብርሃ ደቦጭ፣ ለዚያች ቀን ከመድረሱ በፊት ባለቤቱን ታደለች እስጢፋኖስን ወደ ደብረ ሊባኖስ ወስዶ አስቀምጧት ነበር። ሞትን ሊጋፈጥ የተሰናዳ ሰው አስቀድሞ ለሚስቱ መጠጊያ መፈለጉ ከታሪኩ ተነጥሎ የሚወጣ ጌጥ አይደለም፤ ጣልያኖች ገዳሙን እንዲጠረጥሩ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ሆኖአልና። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. የጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች በገዳሙ ላይ በፈጸሙት ግፍ፣ ግራዚያኒ በራሱ ሪፖርት ያመነው እንኳ በአንድ ቀን 297 መነኮሳት መገደላቸውን ነው። ስለዚህ ያን ጭፍጨፋ የሚተርክ ደራሲ የአንድን ባልና ሚስት መለያየት ቢያነሣ ከነገሩ አልወጣም።

ሌላም ልጨምር። ደጃዝማች አበራ ካሣ በጣልያኖች የምሕረት ቃል ተማምነው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ሲገደሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ሐዘናቸውን ይዘው ቤት አልተቀመጡም፤ ጦር እየመሩ ጠላትን ተዋግተዋል። በአርበኝነት ታሪክ ውስጥ የባልና ሚስት ፍቅር ቦታ የለውም ካልን እኒህን ሴት ከታሪኩ ልናወጣቸው ነው፤ ይህን ደግሞ እኒያ እናትም የሚፈቅዱት አይመስለኝም።

ምሥጢሩን በተመለከተ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ልብ ሰቀላ በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንዳንዱ ደራሲ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የሚያውቁትን ነገር ከአንባቢው ብቻ ደብቆ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ያቆየዋል፤ ይህ የሚያደክም ጨዋታ ነው። ሌላው ግን ጦርነቱ ራሱ የደበቀውን ፈልጎ ይጽፋል፤ ለዚህም የወረራው ዘመን የሞላ ጎተራ ነው። ባንዳና የውስጥ አርበኛ ከውጭ ሲታዩ አንድ ነበሩ፦ ሁለቱም ጠዋት ጠዋት ወደ ጣልያን ቢሮ ይገባሉ፣ ሁለቱም ከሹሙ ጋር ሲነጋገሩ ይታያሉ፤ ጎረቤትም ሁለቱንም ይጸየፋል። አብርሃ ደቦጭ ራሱ የጣልያን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከአዲስ አበባ ለአርበኞች በስውር ስንቅና መድኃኒት ይልኩ ነበር፤ ኋላም ተይዘው ወደ ጣልያን አገር፣ ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ያለ ሰው ለሚወዳት ልጅ እንኳ እውነቱን ሊነግራት አይችልም፤ ብታውቅ እርስዋም ትያዛለችና። እርስዋ ባንዳ ነው ብላ ስትጠላው እርሱ ዝም ብሎ የሚሸከምበት ገጽ፣ በደንብ ከተጻፈ፣ ከማንኛውም የተኩስ ትዕይንት ይበልጥ ልብን ይይዛል።

እውነቱን ከፈጠራው ስለ መለየት፣ ታላላቆቹን ድርጊቶችና ቀኖች ከታሪክ መጽሐፍ ጋር ማመሳከር ቀላል ነው። እኔ ግን ይበልጥ የምመክራችሁ ትንንሾቹን ነገሮች እንድትመለከቱ ነው። በገጠር ያለች ልጅ በረሃ ካለው እጮኛዋ የመጣላትን ደብዳቤ ብቻዋን ቁጭ ብላ የምታነብ ከሆነ፣ ማን ፊደል እንዳስቆጠራት ጠይቁ። በዚያ ዘመን ደብዳቤ በሰው እጅ፣ በልብስ ተሰፍቶ ወይም በስንቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣና ደብተራው ወይም ዲያቆኑ ያነበው ነበር፤ ስለዚህ ምሥጢሩን ሁልጊዜ አንድ ሦስተኛ ሰው ያውቃል። ብልህ ደራሲ ሴራውን ከዚህ ይጀምራል። ገንዘቡንም ተመልከቱ፤ ጣልያን ሊሬውን ሊያስለምድ ቢጥርም ገበሬው የሚያምነው ጠገራ ብሩን ነበር። ጠመንጃውም ዝም ብሎ «ጠመንጃ» ሳይሆን ውጅግራ፣ ምንሽር ወይም ለበን ተብሎ ሲጠራ ደራሲው ሽማግሌዎችን ጠይቆ እንደ ጻፈ ይታወቃል። ወሬ እንዴት ከአገር አገር እንደሚሄድ ያሳየ እንደ ሆነም አስተውሉ። ግራዚያኒ ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየታደኑ እንዲገደሉ ማዘዙ፣ በሰምና ወርቅ የሚተላለፈውን ቃል ምን ያህል እንደ ፈራው ያሳያል።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የደራሲው ማስታወሻ ካለ፣ የትኛው ሰው በእውነት እንደ ኖረና የትኛው እንደ ተፈጠረ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገለጣል። ይህን ግን ታሪኩን ከጨረሳችሁ በኋላ አንብቡት፤ አለዚያ ምሥጢሩ ቀድሞ ይፈታባችኋል።

ጥያቄ፦ እኔ የባሕር ዳር አንባቢ ነኝ። መንፈስን ያበረታሉ የሚባሉ የጦርነት ዘመን ልብ ወለዶችን እወዳለሁ፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ጀግናው ጭንቅ ላይ ሲደርስ ይጸልይና ወዲያው መውጫው ይገኛል። ይህ ቅር ማለቱ የእምነት ጉድለት ይሆንብኝ?

መልስ፦ አይሆንብዎትም። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ተገድለዋል። ጥይቱ አልተመለሰም፤ እምነታቸው ግን ፊቱ ቆሟል። ጸሎትን እንደ ቁልፍ የሚጠቀም ደራሲ ይህን ብርታት ያቀለዋል፤ ሴራውን መፍታት ያቃተው እርሱ ሆኖ ሳለ ሥራውን ለፈጣሪ ያስረክባልና።

በእኔ ግምት እምነት፣ ፍቅርና ምሥጢር በአንድነት የሚገናኙበት ቦታ ሌላ ነው። ባልዋ ማይጨው ዘምቶ ያልተመለሰላትን ሴት ያስቡ። ሞቷል የሚልም አይቼዋለሁ የሚልም ወሬ ይመጣላታል። አርባውን ቆጥራ ተዝካሩን ብታወጣ በሕይወት ያለውን ባልዋን በገዛ እጅዋ ቀበረችው ማለት ነው፤ ባታወጣ ደግሞ፣ ሞቶ ከሆነ፣ ነፍሱን ያለ ጸሎት አስቀረችው። ጎረቤት አንድ ነገር ይላታል፣ የነፍስ አባትዋ ሌላ፤ እህሉ በጎታው ውስጥ ለጠላ ተለይቶ ተቀምጧል። ይህችን ሴት በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ በትዕግሥት የሚከተላት መጽሐፍ ካገኙ፣ መጨረሻው ደስታም ይሁን ሐዘን፣ ያንብቡት።